ቁልፍ የጎደለው ሹራብ

የሰው ኪስ ማስገልበጥ ሥራ ነው ከተባለ፣ ሚጣ ሥራዋን ከልቧ የምትወድ ልጅ ነበረች። በንግድ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክቱ ሰዎች የመግቢያ ፈተናቸውን በኮምፒዩተር የሚፈተኑበት ማዕከል አለ፤ በሩ ላይ የምትቆመው እሷ ናት። የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ መድኃኒት አስመጪው፣ ትላንት ከዩኒቨርሲቲ የወጣችው ልጅ፣ ሁሉም እሷ ፊት ሲደርሱ እኩል ይሆናሉ። እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ያሳያሉ፣ ኪሳቸውን ገልብጠው እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከዚያ ኪስ የማይወጣ ጉድ የለም። የደረቀ ሎሚ ይወጣል፣ የሕፃን ካልሲ ይወጣል፣ አንዴማ ከአንድ የተከበሩ ኢንጂነር ኪስ የአሻንጉሊት እግር ወጥቷል። ሚጣ በማንም አትስቅም። ዕቃውን ተቀብላ ሳጥን ውስጥ ትቆልፍና "አይዞህ፣ እዚሁ ይጠብቅሃል" ትላለች። ስንቱ ሰው ያቺን "አይዞህ" ይዞ እንደገባ እሷ አታውቅም።

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። እናቷ መሥሪያ ቤት ስልክ ደውላ "እባካችሁ ሚጣን ጥሩልኝ" ካለችበት ቀን ጀምሮ ሌላ ስም እንዳላት ሁሉም ረሳው።

የዚያን ቅዳሜ ጧት ግን ሚጣ ከቤቷ መውጣት አልነበረባትም።

የማዕከሉ ሕግ እንዲህ ነው። ሠራተኛው የሚያውቀው ሰው ሊፈተን ሲመጣ አስቀድሞ ለአለቃው ይናገራል፤ ሰውየው በሚፈተንበት ሰዓትም ሕንፃው ውስጥ አይገኝም። ተፈታኙም በበኩሉ በር ላይ ይጠየቃል፤ "እዚህ ከሚሠሩት ውስጥ የሚያውቁት ሰው አለ?" ሁለቱም እውነቱን ከተናገሩ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ተፈታኙ ደብቆ ከተገኘ ግን ከበር ይመለሳል፤ ስሙ ይተላለፍና ሌላ ማዕከልም ለብዙ ጊዜ አያስጠጋውም።

ሚጣ ይህን ስለምታውቅ ወደ ማዕከሉ ኃላፊ ቢሮ ሄዳ ነበር። ኃላፊው ሠራተኛው ሁሉ "ጋሼ" የሚሏቸው፣ የውሃ ማፍሊያውን መመሪያ ሳይቀር እስከ መጨረሻው አንብበው የሚያከብሩ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሚፈተኑት ውስጥ አንድ የማውቀው ሰው አለ።"

ጋሼ ግንባራቸው ላይ የሰቀሉትን መነጽር ወደ ዓይናቸው አወረዱ። "ምንሽ ነው?"

ጎረቤቴ ማለት ትችል ነበር። አብሮ አደጌ ማለት ትችል ነበር። "እጮኛዬ" አለች።

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። ማሙሽ እንደሚወዳት ደጋግሞ ነግሯታል፤ እንደሚያገባትም ነግሯታል። እጮኛዬ ብሎ ግን አንድም ቀን ጠርቷት አያውቅም። "ፈተናዬን ልገላገልና ለእናቴ እነግራታለሁ" እንዳለ ወራት አለፉ። ስለዚህ ጋሼ ፊት ያለችውን ለሱ ሳትነግረው ቀረች። አፈረች። እሱ ያልሰጣትን ስም ቀድማ የወሰደች መሰላት።

የማሙሽ እናት የፍራሽ ፋብሪካ ባለቤት ናቸው፤ ሠራተኞቻቸው "እትዬ" ይሏቸዋል። የሚጣ እናት ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ስፌት ክፍል ውስጥ የፍራሽ ልብስ ትሰፋለች። አሁን ችግሩ የት እንዳለ ገባችሁ።

የተዋወቁትም በዚያው በፋብሪካው በር ነው። እናቷ መነጽሯን ቤት ረስታ ሄዳ ሚጣ ይዛላት ትመጣለች፤ ጥበቃው "ያለ ፈቃድ አይገባም" ብሎ ድርቅ ይላል። በዚያ ሲያልፍ የነበረው ማሙሽ "እኔ አደርስላታለሁ" ብሎ መነጽሩን ተቀበላት። ኪሱ ውስጥ እንዳይሰበር ሰጋና ዓይኑ ላይ ሰካው። የቅርብ ማያ መነጽር አድርጎ፣ ደረጃውን በእግሩ እየዳሰሰ፣ ግድግዳውን በእጁ እየያዘ ሲሄድ ሚጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ስፌት ክፍል ሲደርስ ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ሳቁበት። እሷ የወደደችው ያን ቀን ነው፤ እሱ "እኔማ በመነጽሩ ውስጥ ስትስቂ ገና ድብዝዝ ብለሽ ሳይሽ ነው የወደድኩሽ" ይላታል።

ለፈተናው ሲያጠና ከመጻሕፍት ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ይገናኙ ነበር። ማሙሽን ጠጉሩን ያስነጨው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። መልሱን አይጠይቅም። ሁለት ፍንጭ ይሰጥና "እነዚህ ፍንጮች ለመመለስ ይበቃሉ ወይስ አይበቁም?" ይላል። ማሙሽ ሁልጊዜ መልሱን ሊያሰላ ይሮጣል፤ ሰዓቱም ያልቅበታል።

"አታስላ!" ትለዋለች ሚጣ። "ይበቃል ወይ ነው የተባልከው። እስቲ ይቺን መልስ። ማሙሽ ሚጣን ይወዳታል? ፍንጭ አንድ፤ በየቀኑ ይደውላል። ፍንጭ ሁለት፤ ለእናቱ አልነገረም። ይበቃል ወይስ አይበቃም?"

እሱ ይስቅና እርሳሱን ያኝካል። "አይበቃም" ይላል ቀስ ብሎ። "ተጨማሪ ፍንጭ ያስፈልጋል።"

ባለፈው ሲለያዩ የሹራቧ ቁልፍ ተነቅላ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለች። እናቷ በእጇ የሠራችላት ቡናማ ሹራብ ነው፤ ቁልፎቹ የእንጨት ናቸው። ማሙሽ ቁልፏን ከአየር ላይ ቀለባት። "ይቺን ይዤ ነው የምፈተነው" አላት። "ስጨርስ መልሼ አሰፋልሻለሁ።"

ሚጣ ባዶውን ቦታ በጣቷ እየነካካች ስንት ቀን ከረመች።

*

ቅዳሜ ጧት ጋሼ ደወሉ።

"ሚጣዬ፣ ባልደረባሽ ልጇ አተኩሶባት ሐኪም ቤት ናት። ተተኪዋ እስክትደርስ መጠበቂያ ክፍሉን ብቻ ያዢልኝ። ያንቺን ሰው እኔው ራሴ አስተናግደዋለሁ፤ እሱ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንቺ ከሕንፃው ትወጫለሽ።"

እምቢ የሚባሉ ሰው አይደሉም። ሚጣ እየሮጠች ለብሳ ለማሙሽ "እኔም እዚያ ነኝ፣ አትደንግጥ" ብላ መልእክት ላከችለት። መልእክቱ ሳይነበብ ቀረ።

ገና በሩን ከፍታ ወንበሮቹን ሳታስተካክል አንዲት ትልቅ ሴት ገቡ። ነጠላ ጫማቸውን ከደጅ አራግፈው፣ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ታቅፈው። ሚጣ አንድ ጊዜ አይታ ለየቻቸው። እትዬ ናቸው። እሷ በፋብሪካው በር ስንት ጊዜ መኪና ውስጥ አይታቸዋለች፤ እሳቸው ግን አያውቋትም።

"ልጄ፣ ፈተናው እዚህ ነው?"

"አዎ፣ ይግቡ። እርስዎ ነዎት የሚፈተኑት?"

እትዬ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። "እኔንማ ኑሮ ፈትኖኝ ጨርሷል! ልጄ ነው። መኪናውን ሊያቆም ሄዶ ነው።" ወንበር ስበው ተቀመጡና ወዲያው ትከሻቸውን ሰበሰቡ። "ኧረ ምንድን ነው ይሄ ብርድ? ሰው ነው የምትፈትኑት ወይስ ሥጋ ነው የምታስቀምጡት?"

"ኮምፒዩተሮቹ እንዳይግሉ ነው፣ እትዬ። ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠራው።" ሚጣ ሳታስበው ሹራቧን አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

"አንቺስ?"

"እኔ ለምጄዋለሁ።" አልለመደችውም። ክንዷ ገና ከአሁኑ ሽፍ ብሏል።

እትዬ እጃቸውን በእጅጌው አስገብተው ሹራቡን ዳበሱት። ለጨርቅ የለመደ እጅ ነው፤ ክሩን ያነባል። "ማን ሠራልሽ?"

"እማዬ።"

"እጇ ይባረክ።" ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ መቆለፍ ጀመሩና ደረታቸው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። "አንዷ የለችም እኮ።"

"ጠፋችብኝ" አለች ሚጣ፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ።

"ፈልጊያት። የእንጨት ቁልፍ አሁን የትም አይገኝም።" ከዚያ ወደሷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሴቶች እንዲህ ባለ ቦታ በአንድ አፍታ ወዳጅ ይሆናሉ። "ትላንት ስልኩን ቀማሁት፣ አርፎ ይተኛ ብዬ። ስልክ ይዞ ብቻውን ይስቃል። አንዲት ልጅ ሳትኖር አትቀርም። ለእናቱ ግን ትንፍሽ አይልም።"

የሚጣ ጆሮ ጋለ። አፏን ልትይዘው ፈለገች፤ ግን አመለጣት። "ቢነግርዎት ምን ይሉት ነበር?"

"እኔ? መጀመሪያ የማን ልጅ ናት ነው የምለው!" አሉ እትዬ ቆፍጠን ብለው።

የማን ልጅ ናት። ሚጣ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ አልታዘዝ አላት። ወንበሮቹን ታስተካክል ይመስል ዞር አለች። ወንበሮቹ ተስተካክለዋል። የእናቷ ጀርባ ታያት፤ የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ያለው ጀርባ።

*

"ማሙሽ! ና ውሃ ጠጣ!"

ጢሙን የላጨ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰውዬ "ማሙሽ" ተብሎ ሲጠራ በሌላ ቀን ቢሆን ሚጣ በሳቅ ትፈነዳ ነበር። እሱ ግን ሲገባ መጀመሪያ እሷን አያት፣ ቀጥሎ እናቱን አየ፣ ቀጥሎ እናቱ የለበሱትን ሹራብ አየ። ፊቱ ላይ ደም አልቀረም። ሚጣ በዓይኗ "አይዞህ" ልትለው ሞከረች። እሱ ዓይኑን ከሷ ላይ ነጠቀ።

ጋሼ ከቢሯቸው ወጥተው ጠረጴዛው ጋ ቆሙ። መታወቂያውን አዩ፣ ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበቡለት። የመዳፍ ማንበቢያውን ማሽን ወደሱ እየገፉ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ጠየቁ፤

"እዚህ ማዕከል ውስጥ ከሚሠሩት የሚያውቁት ሰው አለ?"

ማሙሽ ወደ እናቱ ሰረቅ አድርጎ አየ። "የለም።"

"አንድም?"

"አንድም።"

ሚጣ ክው አለች። ቃሉ አጭር ነው፤ የገባው ግን ሩቅ ነው። ሻይ ቤቱን፣ መነጽሩን፣ ያን ሁሉ ሳቅ በአንድ ትንፋሽ ጠራርጎ ወሰደው። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቀችው ሰው፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ አንድም አላውቅም ማለት ይችላል።

ጋሼ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወረዱ። ፊታቸው ተለዋወጠ። "ሚጣ፣ እስቲ ወዲህ ነይ።" መጣች። "ባለፈው የነገርሽኝ ሰው ይሄ አይደለም እንዴ?"

ማሙሽ ቀና አለ። ሚጣ ቀድማ እንደተናገረች ያወቀው ገና አሁን ነው። ዓይኑ ውስጥ የታየው ድንጋጤ የፈተና ድንጋጤ አልነበረም።

እሷ ደግሞ የሆነውን ሁሉ በቅጽበት አየችው። አዎ ካለች ማሙሽ ዋሽቶ ተገኘ፤ ከበር ይመለሳል፣ ስሙ ይተላለፋል፣ የዚህ ዓመት ማመልከቻው ገደል ገባ። ያ ሁሉ ያኘከው እርሳስ፣ ያ ሁሉ የቀደደው ወረቀት። አይደለም ካለች ይፈተናል። እሷ ግን በገዛ አፏ ምኑም አይደለችም።

ከእልህና ከፍቅር የቱ እንደሚቀድም ያን ጊዜ አወቀች።

"ተሳስቼ ነው፣ ጋሼ" አለች። ድምፏ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ራሷም ገረማት። "ስሙ ተመሳስሎብኝ ነው። እሳቸውን አላውቃቸውም።"

እሳቸው።

ማሙሽ መዳፉን ማሽኑ ላይ ሊያሳርፍ አንስቶት ነበር። አየር ላይ ቀረ። እርሳሱን ከአፉ እየነጠቀች "አንተ ሞኝ" የምትለው ልጅ እሳቸው አለችው። "አንድም" ብሎ ሲወጋት ምን እንደተሰማት ራሱ ቀመሰው። እጁን ቀስ ብሎ መለሰና ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዋሽቻለሁ።" ከኪሱ የወጣውን ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረው። "ይቺ ቁልፍ የሷ ናት። የሹራቧ።"

ጋሼ ሚጣን አዩ። ሚጣ ሹራብ አልለበሰችም። ከዚያ ሦስቱም እንደ አንድ ሰው ወደ እትዬ ዞሩ። እትዬ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው በቁልፎቹ መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ እያዩ ነበር። ማቀዝቀዣው ከላያቸው ይጮኻል።

"ምንዎት ናት?" አሉ ጋሼ።

ማሙሽ ወደ እናቱ ዞረ፤ መልሱን ለሳቸው እንጂ ለጋሼ አልሰጠም። "እጮኛዬ ናት፣ እማዬ። ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ። ፈተናው ከቀረ ይቅር፤ እሷ ግን አላውቀውም ስትል መስማት አልቻልኩም።"

ሚጣ አፏን በእጇ ያዘች። ብቻዋን ስትሸከመው የከረመችውን ስም እሱ ዛሬ ተቀበላት። እንባዋን ልትመልሰው አልሞከረችም።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "መዳፍዎን አላሳረፉም" አሉ በመጨረሻ። "መዳፍ እስኪያርፍ ድረስ የተሰጠ መልስ ሊታረም ይችላል። ሕጉ ላይ አለ፤ እስከ መጨረሻው የሚያነበው ጠፋ እንጂ። እንግዲህ አሁን ያሳርፉ።" ከዚያ ወደ ሚጣ ዞሩ። "አንቺ ቦርሳሽን ያዢና ከሕንፃው ውጪ። ቅድም ያልሽውን ደግሞ ይሄ ማቀዝቀዣ እየጮኸ አልሰማሁትም።"

ዕድሜዋን ሙሉ የምታመሰግናቸው ሰው መሆናቸውን ሚጣ ያን ጊዜ አወቀች፤ እጃቸውን ብትስም ደስ ባላት፤ ግን "እሺ ጋሼ" ብላ ወጣች። እትዬ አሁንም ዓይናቸውን ከባዶው ቦታ አላነሡም። ሹራቡንም እንዲመልሱላት መጠየቅ ያን ጊዜ የማይታሰብ ነበር።

*

ከሕንፃው ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን፣ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ሚጣ እዚያ ተቀመጠች። ነፋሱ ከማቀዝቀዣው አይሻልም። ደስ ይበላት ወይስ ትፍራ ገና አልለየላትም፤ እንባዋ ግን ለሁለቱም ይፈሳል።

እትዬ የሕንፃውን በር ገፍተው ሲወጡ አየቻቸው። መንገዱን ግራ ቀኝ አይተው ተሻገሩ፣ ቀጥ ብለው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሚጣ ልትነሣላቸው ስትል ጉልበቷን ይዘው መለሷት።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉ።

መጣ። ሚጣ እንባዋን ጠረገችና አንገቷን ቀና አደረገች። ዛሬ የተካደው ይበቃል። "ስፌት ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል መጀመሪያ ላይ የምትቀመጠው ሴትዮ አለች አይደል? የሷ ልጅ ነኝ። እማዬ እርስዎ ጋ ነው የምትሠራው።"

እትዬ የሹራቡን እጅጌ አዩት፤ አሁን እንደ አዲስ። "ለዚህ ነው ለካ" አሉ ለራሳቸው። "ለዚህ ነው እጄ እጇን ያወቀው።"

ከዚያ ነገሯት። ፋብሪካው ፋብሪካ ሳይሆን አንዲት የኪራይ ክፍል በነበረችበት ዘመን፣ ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰፉ ነበር። ማሙሽ ጡት ያልጣለ ሕፃን ነው። ያለቅስ ነበር፤ ለቅሶ አይደለም ጩኸት ነው። ሞግዚት የሚባል ነገር ከየት ይምጣ። የሚጣ እናት ቁርጥራጭ ስፖንጅ ሳጥን ውስጥ አንጥፋ አስተኛችው፤ ሳጥኑን በገመድ አሰረች፣ ገመዱን ባንድ እግሯ አውራ ጣት ያዘች። በአንዱ እግሯ የስፌት መኪናውን ትረግጣለች፣ በሌላው ሳጥኑን ትወዘውዛለች። እጇ ለሰከንድ አይቆምም።

"በሷ እግር ነው ያደገው" አሉ እትዬ። "ያን ጊዜ ጡቴን አጥብቼ ልሄድ ስል 'ሂጂ፣ እኔ አለሁ' ትለኝ ነበር። ገዢ ፍለጋ እዞራለሁ፤ ስመለስ ልጁ ተኝቶ፣ ፍራሹ ተሰፍቶ አገኛለሁ። ቤቱ ሲያድግ እኔ ቢሮ ገባሁ፣ እሷ መስኮቷ ጋ ቀረች። ከዚያ በሩቅ ሰላም መባባል ጀመርን። አንድም ቀን ቁጭ ብዬ 'እግዜር ይስጥልኝ' አላልኳትም፤ ዛሬ ነገ ስል ስንት ዓመት ሆነኝ።"

ሚጣ ይህን ከእናቷ ሰምታ አታውቅም። ስለ ማሙሽ የነገረቻት ቀን እናቷ መርፌዋን አቁማ "ጥሩ ልጅ ነው፤ እናቱ ሳታውቅ ግን ደስ አይለኝም" ብላ ወደ ስፌቷ ነበር የተመለሰችው።

"ቅድም የማን ልጅ ናት ያሉኝ ጊዜ..." ብላ ጀመረች።

"ምን መሰለሽ? እኔ ሰው ሲያገባ እናትን ነው የማየው። ልጅቷን ማን አሳደጋት ነው። ይሄ ሞኝ የማን ልጅ እንደሆንሽ ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ቀን አላድርም ነበር።" ነጠላቸውን ስበው ዓይናቸውን ጠረጉ። "እኔን ያስለቀሰኝ አንቺን መውደዱ አይደለም፤ መካዱ ነው። የኔ ልጅ እኔን ፈርቶ ሰው ይካድ? እንዲህ አስፈራለሁ እንዴ?"

ሚጣ አሰበች። "ትንሽ" አለች።

እትዬ ዞር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። እየሳቁ ትከሻቸው ተነካካ። ከዚያ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ማሙሽ ክፉ ክፉውን ሲያወሩ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ ሁለቱም አላወቁም፤ ማዶ ፈተና መኖሩንም ረስተውት ነበር። ሚጣ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም አለች በሆዷ።

*

ማሙሽ ሲወጣ ዝናብ እንደመታው ሰው ነበር። መንገዱን ሊሻገር ሲል እናቱንና ሚጣን አንድ ወንበር ላይ አየና እግሩ ተያዘ። ሁለቱ ሴቶች አልተነሡለትም።

"እሺ፣ እንዴት ሆነ?" አሉ እትዬ።

"ሲያልቅ ማሽኑ ጠየቀኝ፤ ውጤቱን ትቀበላለህ ወይስ ትሰርዛለህ ይላል። ተቀበልኩት። ውጪ አገር ላሰብሽው ትምህርት ቤት አይበቃም እማዬ። እዚሁ ላለው ግን ይበቃል።"

"እዚሁ ያለው ምን ሆነና!" አሉ እትዬ፤ ከወር በፊት ይህን ቢሰሙ ሁለት ቀን አኩርፈው ይቆዩ ነበር።

ማሙሽ ሚጣ ፊት ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። "የለም ያልኩት ሥራሽን እንዳላሳጣሽ ብዬ ነው። ቀድመሽ መንገርሽን አላወቅኩም።" ቆመና አንገቱን ነቀነቀ። "ግማሹ እሱ ነው። ግማሹ ግን እማዬን ፈርቼ ነው። በዚያኛው ግማሽ አፍራለሁ። ከበር ሊመልሰኝ የሚችለውን ቃል ለኔ ብለሽ ስትውጪው ሳይ፣ አፈርኩ። አመሰግንሻለሁ ማለት ያንሳል፤ ግን ሌላ ቃል የለኝም።"

ሚጣ ልትቆጣው ብዙ ነገር አዘጋጅታ ነበር። አየችው፤ ጣቱ ላይ ሲያሰላበት የዋለው ማርከር ቀለም ተለቅልቋል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ተጣሟል፣ ኪሱ እንደተገለበጠ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። የተዘጋጀው ሁሉ ጠፋባት።

"ፍንጭ አንድ" አለችው። "በሰው ፊት አላውቃትም አለ። ፍንጭ ሁለት፤ በእናቱ ፊት እጮኛዬ ናት አለ።"

"ይበቃል?" አለ ትንፋሹን ይዞ።

"ይበቃል" አለችው፤ ኪሱንም ወደ ውስጥ መለሰችለት።

እትዬ የሚያወሩት ነገር ባይገባቸውም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያቺን ቁልፍ ወዲህ በል።"

ማሙሽ ከሳጥን ተመልሳ የተሰጠችውን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አኖረ። እትዬ ብርሃን ላይ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሚጣ ሹራቡን ሊያወልቁ ነው ብላ እጇን ዘረጋች። እሳቸው ግን ቀሪዎቹን ቁልፎች እስከ አንገታቸው ቆለፉ።

"ይሄን ዛሬ አልመልስልሽም" አሉ። "መርፌ ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ ነው፤ ግን ቁልፍ አይጠፋኝም። ሰፍቼ እሁድ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ላንቺ አይደለም፤ ለእናትሽ እጅ። ያልከፈልኳት ምስጋናም አለ። ቤት ትሁንልኝ በያት።"

እናትና ልጅ ወደ መኪናው ሲሄዱ ማሙሽ ሦስቴ ዞሮ አያት። ሚጣ ነፋሱ ውስጥ ቆማ ስልኳን አወጣች።

"እማዬ፣ እሁድ ቤት ነሽ?"

"የት እሄዳለሁ? ምነው?"

"ሹራቤን የሚያመጣልሽ እንግዳ አለ።"

"ሹራብሽን?" የእናቷ ድምፅ ወዲያው ተጨነቀ። "ጧት ለብሰሽው አልወጣሽም እንዴ? በዚህ ብርድ ለማን ሰጠሽው? በርዶሻል አይደል፣ ሚጣዬ?"

ሚጣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ መኪናው የታጠፈበትን ማዕዘን አየች።

"አልበረደኝም፣ እማዬ" አለች። ያን ቀን ስለ ብርድ የተናገረችው እውነት ይሄ ብቻ ነበር።